የዕቅድ ውይይት፦ ትንንሾቹን ትምህርት ቤቶች እናዋሕድ ወይስ እናጠናክር?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለዞኑ ትምህርት መምሪያ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እያረምን እንጨርሰው። የረቂቁ ሦስተኛ አንቀጽ «የተማሪ ቁጥራቸው ያነሰ የገጠር ትምህርት ቤቶች በአቅራቢያቸው ካለው ትልቅ ትምህርት ቤት ጋር ይዋሐዱ» ይላል። በጸጥታው ችግር ተዘግተው የቆዩት ሲከፈቱ መምህር እንዳይጎድል የታሰበ ነው።

ወላጅ፣ ከጮቄ ሥር፦ ይህ አንቀጽ ይውጣልኝ። መስከረም ሲጠባ የእኛ ወንዝ ገና አልጎደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ማን ያሻግራታል? ትልልቆቹ ከተማ ቤት ተከራይተው፣ ቅዳሜ መጥተው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ታላቂቱ ልጄ ከዘጠነኛ ክፍል የቀረችው ትምህርቱ ከብዷት አይደለም፤ በኪራይ ቤት ለብቻዋ ማደር አስፈርቷት ነው። አሁን ደግሞ ታናሿን ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ ልታርቁብኝ ነው?

የፊዚክስ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። እኔ የማስተምረው ከሁለት ሺህ በላይ ተማሪ ባለበት ነው። ስምንት ክፍል እይዛለሁ፤ ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በክፍል 40 ቢሆንም ከስልሳ የሚያንስ የለኝም። አምና መካከል ላይ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሦስት ሳምንት ሲቀር አላስተዋልኩም። ሳስታውሰው ዛሬም ያንገበግበኛል። በሌላ በኩል ቤተ ሙከራ አለን፤ ፊዚክስ የተማረ ሰው ፊዚክስ ያስተምራል። ይህን ትንሹ ትምህርት ቤት ከየት ያመጣል?

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፣ ቢቸና፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁ ያነሣችሁት በሌላ አገርም የተጠና ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮጀር ባርከርና ፖል ገምፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ካንሳስ ከ35 እስከ 2,287 ተማሪ ያሏቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አነጻጽረው ነበር። ትልቁ ብዙ ዓይነት ትምህርትና ክበብ አለው፤ ኃላፊነት ይዞ የሚሳተፈው ግን የትንሹ ልጅ ነው። ምክንያቱ ለእኛ ለገበሬ ልጆች ግልጽ ነው፦ ሰው ባነሰበት ደቦ እጁን አጣጥፎ የሚቆም አይኖርም። ቫለሪ ሊ እና ጁሊያ ስሚዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የበለጠ የሚማረው ከ600 እስከ 900 ተማሪ ባለበት መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ በጣም ሲያንስም ሲበዛም ውጤቱ ይወርዳል፤ የመጠን መብዛት ይበልጥ የሚጎዳውም የድሃውን ልጅ ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ ስለሆነ እንዳለ አንቅዳው። ይሁን እንጂ «ትልቅ ይሻላል» ብለን ለመጻፍ ምን መሠረት አለን?

ወጣት መምህር፣ ከገጠር፦ በትንሽ ትምህርት ቤት አምስት መምህራን ነን። የእያንዳንዱን ልጅ ቤት አውቃለሁ፤ ሲቀር ወላጁን ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ነገር ግን ሒሳብም ሳይንስም እኔው ነኝ፤ ስሳሳት የሚያርመኝ የሙያ ባልደረባ የለም። የድጎማው ገንዘብ በተማሪ ቁጥር ይሰላል፤ ጣሪያው ግን የተማሪ ቁጥር ዐይቶ አያፈስም።

የጉድኝት ሱፐርቪዘር፦ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተቧድነው ማዕከል የተመሠረተላቸው እኮ ለዚህ ነበር፤ ማዕከሉ ያለውን በዙሪያው ላሉት ሳተላይት ትምህርት ቤቶች እንዲያካፍል። ስለዚህ ልጅ ከሚጓዝ መምህር ይጓዝ።

ወጣት መምህር፦ በምን? በእግር ሦስት ሰዓት ሄዶ የሚያስተምር መምህር ኅዳር ሳይጋመስ ዝውውር ይጠይቃል። የትራንስፖርት ወጪው ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ትክክል ነህ። የተሻሻለው አንቀጽ ይኸው፦ «ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት በተማሪ ቁጥር ማነስ ብቻ አይዘጋ። የሒሳብና የሳይንስ መምህራን በጉድኝቱ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ይዘዋወሩ፤ ትራንስፖርታቸው አስቀድሞ በጀት ይያዝለት። ድጎማው ለማንኛውም ትምህርት ቤት እኩል መነሻ ይኑረው። ከሁለት ሺህ በላይ ተማሪ ያላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በውስጣቸው ይከፋፈሉ፤ አንድ የመምህራን ቡድን የራሱን ልጆች ከ9ኛ ክፍል ተቀብሎ እስከ 10ኛ ይዝለቅ።»

የፊዚክስ መምህርት፦ የመጨረሻው እኔን ይመለከተኛል፤ እስማማለሁ። ስምንቱ ክፍል ግን ወደ አምስት መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ቡድን ማለቱ ስም ብቻ ይሆናል።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ይህ ተጨማሪ መምህር መቅጠር ነው። እንጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ይስጡን።

ወላጅ፣ ከጮቄ ሥር፦ የወንዙስ ነገር?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እትዬ፣ «አይዘጋ» ከሚለው ቀጥሎ «ርቀት ሲለካ የክረምት ወንዝ ይታሰብ» ብዬ አስገብቻለሁ።