አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ ሥልጣን አማካሪ ኮሚቴ ማቋቋም ይችላል እንዴ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካን ሕግ የምታውቁ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከውጭ ባለሙያ ሰብስቦ አማካሪ ኮሚቴ ለማቋቋም የግድ የኮንግረስ ሕግ ያስፈልገዋል? ወይስ ኃላፊው ከፈለገ ይበቃል? ስሙን "ግብረ ኃይል" ቢሉትስ ከሕጉ ያመልጣሉ?

መልስ 1፦
ኃላፊው ይችላል፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ጉዳዩን የሚገዛው በ1972 የወጣው፣ ሰዎች በአጭሩ ፋካ የሚሉት የፌዴራል አማካሪ ኮሚቴዎች ሕግ ነው። ኮሚቴውን ኮንግረስ ወይም ፕሬዝዳንቱ ሊያቋቁመው ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ሕግ ለመሥሪያ ቤቱ ይፈቅድለታል። አንተ የጠየቅከው ግን አራተኛውን መንገድ፣ ኃላፊው በራሱ ውሳኔ የሚያቋቁመውን ነው። እዚህ ላይ ኃላፊው መጀመሪያ ጄኔራል ሰርቪስ አድሚኒስትሬሽንን (አማካሪ ኮሚቴዎችን የሚከታተለውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ያማክራል፤ ኮሚቴው ለሕዝብ እንደሚጠቅምና ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጋር እንደሚገናኝ በይፋ ይወስንና ውሳኔው በመንግሥት ጋዜጣው በፌዴራል ሬጅስተር ይወጣል። ቻርተሩ፣ ማለትም የኮሚቴው መመሥረቻ ሰነድ፣ ገቢ ሳይደረግ ስብሰባ የለም። በ2 ዓመት ውስጥ ካልታደሰም አከተመ።

መልስ 2፦
ስሙ ምንም አይለውጥም። ቦርድ በለው፣ ካውንስል በለው፣ ግብረ ኃይል በለው፣ ያው ነው። የሚታየው መሥሪያ ቤቱ ምክር ለማግኘት ብሎ ያቋቋመው ወይም የሚጠቀምበት መሆኑ ነው። አባላቱ በሙሉ ቋሚ የፌዴራል ሠራተኞች ከሆኑ ግን ሕጉ አይነካቸውም። የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ እና ማዕከላዊ ባንኩ ፌዴራል ሪዘርቭም ነፃ ናቸው (ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም)። "የሚጠቀምበት" የምትለዋ ነገር ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳለች፤ ፍትሕ ሚኒስቴር ስለ ዳኛ እጩዎች የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርን ኮሚቴ አስተያየት ይጠይቅ ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ይሄ በሕጉ ሥር አይወድቅም አለ።

ጠያቂ፦
ታዲያ ባለሙያዎቹን ሰብስበው የየግላቸውን ሐሳብ ብቻ ቢጠይቁስ?

መልስ 1፦
ያ ይቻላል። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ከተናገረ ኮሚቴ አይባልም። "ተስማሙና አንድ የጋራ ምክር አምጡ" ሲባል ነው ነገሩ የሚቀየረው። እውነቱን ለመናገር ይህቺን ቀዳዳ አልወዳትም። ሕጉ የወጣው እኮ ማን ለመንግሥት ምን እንደሚመክር ሕዝቡ እንዲያይ ነው፤ ስብሰባው ክፍት የሚሆነው፣ ከ15 ቀን በፊት ማስታወቂያ የሚወጣው፣ አባላቱም ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆኑ የሚባለው ለዚሁ ነው።

መልስ 3፦
ኮሚቴው የሚመክር እንጂ የሚወስን አይደለም፣ ይህንንም እንዳትረሳ። አባል ሁን ብለው ጠርተውህ ከሆነ ዝም ብለህ ቻርተሩን ጠይቅ። በየትኛው ሥልጣን እንደተቋቋመ እዚያው ላይ ተጽፏል።