ቦሎቄው አልበስል እያለ ምድጃው ላይ ይውላል

ጥያቄ፦ ውድ ጓደኞቼ፣ ወጪ ለመቀነስ ስል ከሥጋ ይልቅ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ መቀቀል ጀምሬ ነበር፤ ሆኖም ከቲማቲም ጋር ጥጄው 3 ሰዓት ቢንተከተክም ስለማይለሰልስ፣ በምግቡ ያተረፍኩትን ገንዘብ ለምድጃው መልሼ እየከፈልኩ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምጣጣ ነገር ፍሬው እንዳይለሰልስ ስለሚያደርግ ቲማቲሙን ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ጨምሪው። ማታ ጥቂት ጨው ባለው ውኃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፤ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ ስላለው፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ ነው እሳቱ መቀነስ ያለበት።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ቦሎቄው መደርደሪያ ላይ 2 ዓመት መቀመጡን ግን ሳልናገር ቀረሁ።

መልስ፦ እንግዲያው ጥፋቱን ሁሉ በቲማቲሙ ላይ መጫኔ ልክ አልነበረም፤ የቆየ ቦሎቄ ቢዘፈዘፍም በቀላሉ አይበስልም።