ኮምፒውተር ስትሪም ልግባ ወይስ ፓወር? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወንድምና እህቶቼ። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ነኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስትሪም፣ ማለትም የምካንበትን ዘርፍ፣ መምረጥ አለብኝ። ልቤ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አባቴ ግን "ፓወር ግባ፤ የሕዳሴው አቅም ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ሥራ አታጣም" ይለኛል። ለእኔው አስቦ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ።

ባለፈው ሴሚስተር በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) የታንከር ውኃ መጠን የሚለካ ነገር ሠርቼ ነበር። ሴንሰሩ አንዴ 20፣ አንዴ 180 ሴንቲ ሜትር እያለ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ኮዱን ደጋግሜ ጻፍኩት። ለካስ ለሴንሰሩ የተለየ ባትሪ ስሰጠው ግራውንዱን (የዜሮ ቮልት መስመሩን) ከቦርዱ ጋር አላገናኘሁትም! አንዲት ሽቦ ስጨምር ቁጥሩ ቀጥ አለ። የዚያን ሌሊት ደስታዬን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ዕድሜ ልኬን ብሠራው አይሰለቸኝም።

የጨነቀኝ ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። የማውቃቸው የኮምፒውተር ምሩቃን ወይ ዌብና ሞባይል አፕ ይሠራሉ፣ ወይ ኔትወርክ ላይ ናቸው። ለማይክሮኮንትሮለር (አርዱይኖ ላይ እንዳለው ዓይነት፣ ዕቃን ለሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ) ፕሮግራም እየጻፈ ደመወዝ የሚበላ አንድም ሰው አላገኘሁም። እዚህ አገር በዚህ ሙያ የምትሠሩ ካላችሁ እንዴት ገባችሁ? ወይስ ሶፍትዌሩን ይዤ ሃርድዌሩን ጎን ለጎን ልማር? ለኢንተርንሺፕስ ምን ዓይነት ድርጅት ብጠይቅ ይሻላል? ፓወር ገብታችሁ የተጸጸታችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።