ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለምትሠሩ፦ ፈርሜ ልውጣ ወይስ የሠራተኛ ቅነሳውን ልጠብቅ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ሰላም ወገኖች። መሥሪያ ቤቴን አልጠራም፣ ዲሲ ውስጥ ነው። 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ 47 ዓመቴ ነው። ጃንዋሪ 28፣ 2025 ያ «ሹካ» ያልነው፣ ሠራተኛው በፈቃዱ ይልቀቅ የሚል ኢሜይል («ፎርክ ኢን ዘ ሮድ») ሲመጣ ስቀን አልፈነው ነበር። አሁን በኤፕሪል ሁለተኛው ዙር መጣ፦ በፈቃድሽ ልቀቂ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቤትሽ ተቀምጠሽ ደመወዝሽ ይከፈልሻል። አለቃዬ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «አርብ ሳይመሽ ፈርሚ፣ አለዚያ ባዶ እጅሽን ትወጪያለሽ» አለችኝ። ከክፍላችን 22 ሰዎች 9ኙ ፈርመዋል።

ቤቴ ለቅሶ ቤት መስሏል። ጎረቤቴ ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ይዛ መጣች፤ «ኧረ ገና አልሞትኩም!» ብያት አብረን ሳቅን። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው፣ የአራታችንም የጤና ኢንሹራንስ በእኔ ነው። ዕቁቤ የሚደርሰኝ ኦገስት ላይ ነው፣ እስከዚያ መጣሉ አይቀርም። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ይገባል። የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ።

ጡረተኛው ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ እኔ በሠራተኛ አስተዳደር 27 ዓመት ቆይቼ ነው የወጣሁት። «ባዶ እጅ» የሚለው ትክክል አይደለም። በቅነሳ የሚወጣ ሰው የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በዓመት የአንድ ሳምንት፣ ከዚያ በላይ ላለው በዓመት የሁለት ሳምንት ደመወዝ ነው። ያንቺ 18 ሳምንት ይሆናል። ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ ከ40 ላለፈው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ሦስት ወር 2.5 በመቶ ይጨመራል። 47 ከሞላሽ 70 በመቶ ነው፤ 18ቱ ወደ 30 ሳምንት ተኩል ይደርሳል። ጣሪያው 52 ሳምንት ነው። በዚያ ላይ የቅነሳ ደብዳቤ በደንቡ 60 ቀን ቀድሞ ነው የሚሰጠው፣ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ 30 አይወርድም። በፈቃዱ የለቀቀ ግን የስንብት ክፍያ የለውም። በቅነሳ ጊዜ ተመጣጣኝ ሌላ ቦታ ሰጥተውሽ እምቢ ካልሽም ይቀራል፣ ይህን አትርሺ።

ደግሞስ ክፍሉ ይቀነሳል ማለት አንቺ ትወጫለሽ ማለት ነው እንዴ? ተራ አለው፦ የቅጥር ዓይነት፣ ከዚያ የውትድርና አገልግሎት፣ ከዚያ የሥራ ዘመን። የሥራ ምዘናሽ ዓመት ሆኖ የሥራ ዘመንሽ ላይ ይደመራል፤ 5 ያገኘ 20 ዓመት፣ 4 ያገኘ 16፣ 3 ያገኘ 12፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ምዘናዎች አማካይ ተወስዶ። ሁለት 5 እና አንድ 4 ያለው ሰው 19 ዓመት ይጨመርለታል። ምዘናሽን የሚያሳየውን ወረቀት አሁኑኑ አውጪ።

አርቡንም አትፍሪ። ስምምነቱ በዕድሜ መድልዎ የመክሰስ መብትሽን እንድትተዪ የሚያደርግ ከሆነ፣ ከ40 በላይ ስለሆንሽ ለማሰብ 45 ቀን፣ ከፈረምሽም በኋላ ለመሻር 7 ቀን ይገባሻል። ውሉን እቤት ወስደሽ አንብቢው። ኤስኤፍ 50 በሚባለው የቅጥር ሁኔታሽን በሚያሳየው ቅጽ ላይ ደግሞ ሣጥን 24ን (የቅጥር ዓይነት) እና ሣጥን 31ን (የሥራ ዘመንሽ የሚቆጠርበት ቀን) እዪ፤ 31 ላይ ያለው ቀን ስንት ሰው እንዳስለቀሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዮዲት ከሃያትስቪል፦

እኔ ፌብሩዋሪ ላይ በሙከራ ጊዜዬ ነው ያወጡኝ፣ አንድ ዓመት ስላልሞላኝ የስንብት ክፍያ አልነበረኝም። ጠዋት ኢሜይሉ መጣ፣ ከምሳ በፊት ኮምፒውተሩ ተዘጋ። ኤስኤፍ 50 አላወጣሁም፣ ምዘናዬንም አላወጣሁም፣ እስካሁን በደብዳቤ እየለመንኩ ነው። የራስሽን ፋይል ዛሬ አትሚ፤ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ግን እንዳትነኪ።

የሥራ አጥ ክፍያ የሚጠየቀው የምንኖርበት ሜሪላንድ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት አቃጠልኩ። የምንኖርበት ሳይሆን የሠራንበት ቦታ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ዲሲ ነው የምታመለክቺው። ሲያወጡሽ ኤስኤፍ 8 የሚባለውን ቅጽ ሳትቀበይ አትውጪ። በፈቃድ ለለቀቀ ሰው ግን ይህም ክፍያ አጠራጣሪ ነው። ኢንሹራንሱ ከወጣሽ በኋላ 31 ቀን በነጻ ይቆያል፤ ከዚያ እስከ 18 ወር ማስቀጠል ትችያለሽ፣ ግን የመንግሥትን ድርሻ ጭምር አንቺ ከፍለሽ፣ 2 በመቶም ታክሎበት። እኔ ዋጋውን አይቼ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን (የሜሪላንድ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ) ገባሁ፤ ለመመዝገብ 60 ቀን አለሽ።

አባ ቡና፦

ማንም መፈረም የለበትም አይባልም። እኔ የመጀመሪያውን ዙር ፈርሜአለሁ፣ አልቆጨኝም። 26 ዓመት ስላገለገልኩ ቅድመ ጡረታው ተፈቀደልኝ (50 ዓመት ሞልቶት 20 ያገለገለ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ 25 ያገለገለ ነው)፣ ኢንሹራንሴም አብሮኝ ወጣ። አንቺ በ14 ዓመት እዚያ አትደርሺም፤ የእኔን አይተሽ አትፈርሚ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሣጥን 31 ላይ 2013 ይላል! በ2011 በጊዜያዊነት ገብቼ የሠራሁትን ሁለት ዓመት አልቆጠሩትም። እርስዎ ባሉት ስሌት 18 ሳምንቱ 14 ሊሆንብኝ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬን ማታ ምድር ቤት ከሻንጣ ውስጥ አገኘሁት፣ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር ተጣጥፎ። ዛሬ ለኤችአር በኢሜይል ላክሁ፣ ለራሴም ግልባጭ አስቀረሁ። ውሉንም አነበብኩ፣ 45 ቀኑ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። ለአለቃዬ ገጹን ሳሳያት «አላየሁትም ነበር» አለች።

ዮዲት፣ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ ነው ተነስቼ ማተሚያው ጋ የሄድኩት። ቀለም አልቆበት ነበር።