ለቃር ምን ይሻላል? የሞከርኳቸውን ላወዳድርላችሁ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «ለጨጓራ የሚሆን ነገር ጠቁሚኝ» ብሎኛል። ሲያስረዱኝ ግን የሦስቱም ችግር ቃር ነው። እኛ ሀገር ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው፤ ገንዘባችን የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው።

ቃር የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ የሚመጣ ነው። ቧንቧውና ጨጓራው በሚገናኙበት ቦታ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ ወይም ሆድ ከልክ በላይ ሲሞላ አሲዱ ያመልጣል። ደረት መሀል ያቃጥላል፣ ኮምጣጣ ውሃ አፍ ድረስ ይመጣል፣ ጎንበስ ሲሉና ሲተኙ ይብሳል። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው።

አንደኛ የምመክረው ነገር ከፋርማሲ አይገዛም። ሰፈር ያለ አናጢ ጋ ሂዱና 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ሁለት ጠንካራ እንጨቶች አስቆርጡ። ከአልጋው ራስጌ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ሥር አስገቧቸው። አልጋው በሙሉ ወደ ግርጌ ያዘቀዝቃል፤ አሲዱም ሽቅብ መውጣት ይከብደዋል። ትራስ መደራረብ እንዲህ አይሠራም። ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን እንዲያውም ያብሳል። እኔ ለሁለት ዓመት ሦስት ትራስ ደርቤ ስተኛ ነበር፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጉሮሮዬ እየተቃጠለ እነቃለሁ። እንጨቱን ባስገባሁ በሳምንቱ እስኪነጋ መተኛት ጀመርኩ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

ከዚያ እራት። 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከ1 ሰዓት በኋላ ባይበላ ይመረጣል። ቀይ ወጥ፣ ክትፎ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ አቦል፣ ቢራና ጠጅ ብዙ ሰው ላይ ይቀሰቅሱታል፤ ግን ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። ያላስቸገራችሁን ነገር በወሬ አትተዉ።

ወደ ቤት መድኃኒቶቹ ስንመጣ፣ ተልባ ለእኔ ከሁሉም የተሻለ ነው። ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ልስላሴ ጉሮሮን ያበርዳል። አብሽን እናቴ ትወዳለች። ማታ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት መራራውን ውሃ ደፍታ እስኪነጣና እስኪኮፈስ ድረስ ትመታዋለች። ሁለቱም ለጊዜው ያስታግሳሉ እንጂ ቃርን አያድኑም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ስኳር ስለሚያወርድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ወተት ሲጠጡት ደስ ይላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ግን ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። አምቦ ውሃንም ለቃር አልመክርም። ጋዙ ያስገሳል፤ በግሳቱ ደግሞ አሲዱ አብሮ ይወጣል።

ከፋርማሲ ደግሞ እንዲህ ነው። የሚታኘከው አንታሲድ (አሲዱን የሚያረክሰው ክኒን) በደቂቃዎች ውስጥ ያበርዳል፤ ግን ቶሎ ያልፋል። ሠርግ ቤት በልታችሁ ለመጣ ቃር ይበቃል። ማግኒዚየም ያለበት ሆድ ሊያላላ፣ አሉሚኒየም ያለበት ሊያደርቅ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ጋቪስኮን አስመጡ። ከምግብ በኋላና ሊተኙ ሲሉ ሲወሰድ በጨጓራው ይዘት ላይ እንደ ክዳን ይንሳፈፋል፤ ለሌሊት ቃር ወድጄዋለሁ። አሲድ የሚቀንሰው ሲሜቲዲን ደግሞ ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። በተለይ የደም ማቅጠኛ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ሳትጠይቁ አትጀምሩት።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚመላለስ ቃር የተሻለው ጨጓራው የሚያመነጨውን አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ነው። አብዛኛው ሰው ግን አወሳሰዱን ያበላሸዋል። ሲያቃጥል የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየትም ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። የምትጾሙ ከሆነ ጾሙን ከመፍታታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ በረመዳን ደግሞ ከሱሁር ግማሽ ሰዓት በፊት ውሰዱት። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል። ድንገት ሲያቆሙት ቃሩ ለጊዜው ብሶ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቀስ በቀስ ስለመቀነስ ሐኪም አማክሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲን ወይም የቀይ መስቀልን ጠይቁ፤ ዋጋ ከሌላው ጋር ማወዳደር ይጠቅማል።

ጨጓራ ውስጥ ስለሚኖረው ባክቴሪያ፣ ስለ ኤች ፓይሎሪ ምርመራ ልናገር፤ የተቃጠልኩበት ስለሆነ። አንድ ክሊኒክ በደም ምርመራ ብቻ «ባክቴሪያው አለብሽ» ብሎኝ የ14 ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። ከወራት በኋላ ያው የደም ምርመራ «አሁንም አለ» አለ። እንደገና ዋጥኩ። ቃሬ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የደም ምርመራው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሰገራው ምርመራ ይሻላል። ኦሜፕራዞል ከሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከአራት ሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ አለዚያ ያለውን «የለም» ሊል ይችላል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙበት ሥራም ባክቴሪያውን ያያያዘው ከጨጓራ ቁስለትና ብግነት ጋር ነው፤ ከቃር ጋር አይደለም።

ሲውጡ የሚይዝ ወይም የሚያም ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ግን ተልባም ኦሜፕራዞልም ይቅርና ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ይታዘዝላችሁ። በተለይ የአርሲና የባሌ ሰዎች፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እዚያ አካባቢ በብዛት ስለሚታይ ምግብ መያዝ ሲጀምር ቀን አትቁጠሩ። ላብ የሚያጠምቅ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ኢንዶስኮፒ በጥቁር አንበሳና በጳውሎስ ይሠራል፤ በግልም አለ። የግሉን ስታወዳድሩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ማደንዘዣው ተጨምሮበት ነው? ናሙና ከተወሰደ የፓቶሎጂው (የናሙናው ላቦራቶሪ ምርመራ) ለብቻ ይከፈላል? ማን ነው የሚሠራው? ምግብ ሳትቀምሱ መሄዳችሁ አይቀርም፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ። ለወገብ ብላችሁ የምትውጡት ዳይክሎፊናክም ይጻፍ፤ ጨጓራን ከሚያቆስሉት አንዱ እሱ ነው።