የሁዳዴ ጾም ለምታጠባ እናት፦ ፕሮቲን ይጎድላል ወይስ ይበቃል?

ጥያቄ (የካዛንቺስ እናት)፦
እህቶቼ ሰላም ናችሁ? ልጄ 4 ወሯ ነው፤ ከጡት ሌላ ምንም አልቀመሰችም። ሁዳዴን እየጾምኩ ነው። ሥራም ተመልሻለሁ፤ ምሳዬ ከቢሯችን ጀርባ ካለች ምግብ ቤት ሽሮ ወይ በያይነቱ ነው። ሰሞኑን በጣም ይደክመኛል። ፀጉሬም በእፍኝ እየወጣ ነው። የባለቤቴ እህት «ወተትሽ ቀጥኗል፣ ፕሮቲን አንሶሽ ነው» ብላ የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር) እንክብልና የፕሮቲን ዱቄት ግዢ ትለኛለች። ፋርማሲ ስጠይቅ ዋጋው አስደነገጠኝ። የግድ ያስፈልገኛል? ክብደቴ 55 ኪሎ ነው።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አራት ኪሎ)፦
ትንሽ ቢዘገይም እንኳን ማርያም ማረችሽ! ስለ ወተቱ አትጨነቂ። የእናት ጡት ወተት በተፈጥሮው ቀጭን ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወደ 1 ግራም ብቻ ነው። የላም ወተት ከ3 ግራም በላይ አለው፤ ግን የተሠራው ለጥጃ ነው። እናት ብዙ ፕሮቲን ባትበላም የወተቷ ፕሮቲን ብዙም አይቀንስም። ሰውነቷ ከራሷ ጡንቻ እየወሰደ ይሰጣል። ስለዚህ ቀድማ የምትጎዳው አንቺ ነሽ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

በ55 ኪሎ በቀን ከ65 እስከ 70 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። በቅርብ ዓመታት የአሚኖ አሲድ ፍላጎትን እየለኩ የተሠሩ ጥናቶች ከዚህም ከፍ ያደርጉታል።

ይህ በጾም ምግብ ይገኛል። 200 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 26 ግራም፣ 150 ግራም ደረቅ ምስር፣ ሽምብራ ወይም የሽሮ ዱቄት ከ30 ግራም በላይ፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7 ግራም ያህል ይሰጥሻል። እህል ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲኑ ሞልቶ ሜቲዮኒን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እንክብሉን ተዪው።

መልስ (የሁለት ልጆች እናት፣ ፒያሳ)፦
ባለሙያዋ ልክ ናት፣ ግን የምግብ ቤት ሽሮ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው! ፕሮቲኑ ያለው ዱቄቱ ውስጥ ነው። ተጋቢኖ እዘዢ፣ ወፈር ያለ። በያይነቱ ከሆነ ምስሩን ጨምሩልኝ በያቸው፤ ጎመንና ድንች ብቻ አያጠግብም። ቦርሳሽ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ አይጥፋ። ጠዋትም ሻይ በዳቦ ብቻ በልተሽ አትውጪ፤ የባቄላ ፉል ብትበዪ እስከ ምሳ ይይዝሻል።

መልስ (አንድ አባል)፦
ዝም ብለሽ ጾሙን ፍቺ። ሥጋ ሳይበሉ ማጥባት አይቻልም።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አራት ኪሎ)፦
ይቻላል ወንድሜ፤ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ። ግን እህቴ፣ ቫይታሚን ቢ12 በጾም ምግብ ውስጥ የለም። ሲያንስሽ ከወተትሽም ይቀንሳል፣ ለሕፃን አእምሮ ደግሞ ወሳኝ ነው። ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ ለዱቄቱ ሳይሆን ለቢ12 እንክብል አውጪ። ድካሙ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን አስመርመሪ፤ ልጅቷንም እዚያው አስመዝኛት። ክብደቷ በደንብ እየጨመረ ከሆነ ወተትሽ በቂ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይሁን፤ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደምሽ በደንብ እንዳይገባ ያግዳል። የፀጉሩ ነገር ከወሊድ በኋላ ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ነው፤ 3 እና 4 ወር አካባቢ ይብሳል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኪ እህቴ፣ ቀለል አለኝ። ግን ምሳዬን የምበላው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ምንም ሳልበላ ነው የምቆየው። ችግር አለው?

መልስ (የሁለት ልጆች እናት፣ ፒያሳ)፦
አዎ አለው የኔ እናት! ያን ሁሉ ምግብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ እንዴት ትጨርሺዋለሽ? እኔ የንስሐ አባቴን አማክሬ ሰዓቱን አቅልለውልኛል። ዛሬውኑ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ፣ «አጠባለሁ፣ እየደከመኝ ነው» በያቸው።