ግማሹ ኮምፒውተር ይገናኛል፣ ግማሹ እምቢ ይላል

ጥያቄ፦
ሰላም ጎበዞች። ቢሮ ውስጥ 12 ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር አለን። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ስንከፍት ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ ድርቅ ይላል። የሚሠሩት አይፒ አድራሻ (ኔትወርክ ላይ የሚለዩበት ቁጥር) በ192.168.1 ይጀምራል፣ የማይሠሩት በ192.168.0። ማንም በእጁ አልሞላም፤ ሁሉም በራሱ እንዲወስድ ነው የተደረገው። ኬብል ነቅዬ ስሰካ አንዳንዱ ይስተካከላል፣ ሌላው ይበላሻል። ላብድ ነው።

መልስ 1፦
ኔትወርክህ ላይ ሁለት አድራሻ አዳይ አለ። ሌላ ራውተር ፈልግ።

መልስ 2፦
ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አድራሻ የለውም፣ ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም። ስለዚህ ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም ለሁሉም ወደሚደርሰው አድራሻ፣ ይጮኻል፤ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» እንደማለት። የሰማ ዲኤችሲፒ ሰርቨር (አድራሻ አዳዩ ማለት ነው) ሁሉ «ይሄን ውሰድ» ይለዋል። እሱም አንዱን መርጦ «ይሄን ወስጃለሁ» ብሎ ለሁሉም ያሰማል፤ የተመረጠው ሰርቨር ያጸድቅለታል። ሁለት ሰርቨር ካለ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል። ዕጣ የመሰለህ ለዚህ ነው። (ማንም ባይመልስ ኖሮ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ታይ ነበር። ያንን ኮምፒውተሩ ለራሱ ነው የሚሰጠው።)

በማይሠራው ላይ የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያውን ከፍተህ «አይፒኮንፊግ ኦል» (ipconfig /all) ብለህ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለውን መስመር እይ።

ጠያቂው፦
192.168.0.1 ይላል። በብሮውዘር ስከፍተው የአሮጌ ራውተር መግቢያ ገጽ መጣ። ጉድ! ኮሪደሩ ጋ ዋይፋይ እንዲደርስ ብዬ ባለፈው ሳምንት እኔው ራሴ የሰካሁት ነው። ከመሳቢያ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ። እሱም አድራሻ እንደሚያድል ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

መልስ 2፦
ሃሃ፣ ያልደረሰበት የለም። አትንቀለው፤ ዲኤችሲፒውን ብቻ አጥፋ። የራሱን አድራሻም 192.168.1.2 አድርገው፣ ዋናው ራውተር ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆኑን አይተህ። አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ኪራይ ስለሆነ የያዙት ወዲያው ላይለቁ ይችላሉ። ፕሪንተሩን ደግሞ ዋናው ራውተር ላይ በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት በሚወጣው መለያ ቁጥር) አንድ አይፒ አስይዝለት፤ ሁሌ ያንኑ ይሰጠዋል።

ጠያቂው፦
አጠፋሁት። ከአንዱ በቀር ሁሉም ተነሱ። ያ አንዱ 192.168.0.14ን ሙጭጭ ብሎ ነበር፤ «አይፒኮንፊግ ሪሊዝ»፣ ከዚያ «ሪኒው» ስለው ለቀቀ። ለአለቃዬ ምን እንደምል ነው አሁን የጨነቀኝ።

መልስ 1፦
«ቫይረስ ነበር» እንዳትል ብቻ።